የአቮካዶ ድቀላ ለምን ይደርቃል?

ከዳንግላ አካባቢ አንድ አንባቢ እንዲህ ይጠይቃል። «ከፍሬ ያፈላኋቸው የአቮካዶ ችግኞች እርሳስ አክለዋል። ከዘመድ ጓሮ ሃስ የተባለውን የአቮካዶ ዝርያ ቅርንጫፍ በፌስታል አምጥቼ 12 ችግኝ ላይ እየቀጠልኩ አዳቀልኩ። በሁለት ሳምንት ሁሉም ጠቁረው ደረቁ። እጄ ነው ወይስ ጊዜው? ደግሜ ሞክሬ በዚሁ ክረምት ብተክላቸውስ?»

እጅህ እንኳን አይመስለኝም። እጅ ቢሆን ከ12ቱ ሁለት ሦስቱ መያዛቸው አይቀርም ነበር። ሁሉም ባንዴ ሲጠቁሩ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቅርንጫፉን ነው።

ቅርንጫፍ ተቆርጦ ቅጠሉ ካልተነሳለት፣ መንገዱን ሙሉ ውሃውን በቅጠሉ በኩል እያጣ ነው የሚመጣው። ፌስታል ውስጥ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ አለቀለት። ቤት ስትደርስ አረንጓዴ ነው፣ ግን ሞቷል። ስለዚህ እዚያው ዛፉ ስር ቅጠሉን በሙሉ ቁረጥ፣ አንገቱን ብቻ ትንሽ አስቀር። ርሶ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጠቅልለህ ጥላ ለጥላ አምጣው። ጠዋት ቆርጠህ በዚያው ቀን ብታዳቅል ይሻላል።

የትኛው ቅርንጫፍ? ፀሐይ የሚያገኘው የዛፉ ውጪኛ ጫፍ፣ ውፍረቱ ከችግኝህ ጋር የሚቀራረብ። ጫፉ ላይ ያለው እምቡጥ አበጥ ያለ ግን ያልፈነዳ ይሁን። ቀላ ያለ ለጋ ቅጠል እያወጣ ያለው ለዓይን ያምራል፣ ለድቀላ አይረባም። ያበበውንም እለፈው። እምቡጡ ገና ካልተነሳ ጠብቅ፣ ምን ያስቸኩልሃል?

ችግኙን ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብለህ ቁረጥና መሃሉን ሦስት ሳንቲ ያህል በስለት ሰንጥቅ። የቅርንጫፉን ስር ከሁለት በኩል እንደ ሽብልቅ ጥረበው። በየጎኑ አንዴ ነው የምትስበው፤ እየፋቅህ ላስተካክል ካልክ ፊቱ ይጎረብጥና መሃል ላይ ክፍተት ይቀራል። የተቆረጠውን ፊት በጣት አትንካ። ዋናው ነገር ከቅርፊቱ ስር ያለችው ስስ አረንጓዴ ሽፋን የሁለቱም ቢያንስ በአንድ ጎን መግጠሟ ነው። ቅርንጫፉ ከቀጠነ መሃል ላይ አታስቀምጠው፣ ወደ አንዱ ጠርዝ አስጠጋው። ከዚያ በላስቲክ ከታች ወደ ላይ ጥብቅ አድርገህ ጠምጥም፣ ስስ ፕላስቲክ ቆብ አልብሰውና ከስሩ እሰረው። ጥላ ግዴታ ነው፤ ፕላስቲክ ለብሶ ፀሐይ ላይ ከዋለ በግማሽ ቀን ይበስላል። ምላጩን በየችግኙ መሃል በአልኮል መጥረግም አትርሳ።

ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ እምቡጡ ይፈነዳል። ያኔ ቆቡን ቀስ በቀስ ክፈት። ከመገጣጠሚያው በታች የሚያቆጠቁጠውን ሁሉ ልቀም፣ ካዘንክለት የላይኛውን ይበላዋል። የደረቁብህን 12ቱንም አትጣላቸው፤ ቅርፊቱን ጫር አድርገህ እይ፣ አረንጓዴ ከሆነ ደረቁን ቆርጠህ ከዚያ በታች እንደገና ይዳቀላል።

በዚህ ክረምት መትከሉን ግን እርሳው። አሁን ማዳቀል ትችላለህ፣ ዝናብ የማያስገባ ዳስ ካለህ። ቁስሉ ውስጥ ውሃ ከገባ ይሻግታል። የሚያዋጣው ከጥር እስከ መጋቢት አዳቅሎ ሰኔ መጨረሻ ላይ አፈሩ በደንብ ሲርስ መትከል ነው። ጉድጓዱን ከወር በፊት 60 ሳንቲ በየጎኑ፣ 60 ወደ ታች ቆፍር። የላዩን አፈር ለብቻ አድርገህ ከበሰለ ብስባሽ ጋር ቀላቅለህ መልሰው። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። መገጣጠሚያው ከመሬት በላይ ይቅር። በዛፍና በዛፍ መሃል 6 ሜትር በቂ ነው።

አቮካዶ ሥሩ ውሃ ላይ ከተኛ ይበሰብሳል፣ መድኃኒት ብትረጭም ብዙ አይመለስም። ክረምት ውሃ የሚቋጥር ቦታ ከሆነ አፈር ቆልለህ ጉብታው ላይ ትከል። በጋ ላይ ውርጭ የሚተኛበት ረባዳም አይሆንም።

ቦታ ካለህ ደግሞ ኤቲንገር ወይም ፉርቴ ከሚባሉት የአቮካዶ ዝርያዎች አንድ ሁለት ዛፍ ጨምር። የሃስ አበባ ጠዋት ሴት ሆኖ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ በማግስቱ ከሰዓት ወንድ ሆኖ ይመለሳል። የእነዚያ ሰዓት ተቃራኒ ስለሆነ ይሟላሉ፤ የቀረውን ንቦቹ ይጨርሱታል። በመጀመሪያው ዓመት የሚያወጣውን አበባ ግን ሳትሳሳ ልቀመው፣ መጀመሪያ ግንድ ይስራ። የተዳቀለ በሦስተኛው በአራተኛው ዓመት ይሰጥሃል።