ኤረር ላይ በእኩል ልግባ ወይስ መሬቱን ልከራይ? ላልከው ወንድሜ

«ኤረር ሸለቆ ሁለት ሄክታር አግኝቻለሁ፤ በእኩል ልግባ (ምርቱን ከባለይዞታው ጋር ለሁለት ልካፈል) ወይስ በጥሬ ገንዘብ ልከራይ?» ብለሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች «እንደ ስምምነታችሁ ነው» ብለው አልፈዋል። እኔ ሐረር ከተማ ተቀምጬ እዚያው ሸለቆ ሁለት ሄክታር ኦቾሎኒ አዘርቻለሁ። የአንተም ኦቾሎኒ መሆኑ አይቀርም።

1. በእኩል ግባ። አገሩ ቆላ ነው፤ ዝናቡ ነሐሴ ላይ ቀጥ ካለ የተከራየ ሰው ኪራዩን ከፍሎ የደረቀ ማሳ ይታቀፋል። በእኩል የገባ ግን ጉዳቱን ከባለይዞታው ጋር ይካፈላል።

2. ዘሩ ከክፍፍሉ በፊት ከመሃል ይነሳ እንደሆነ ከመዝራትህ በፊት ተነጋገር። እኔ ዘርና የእርሻ ወጪ ላቀርብ፣ ሰውየው መሬትና ጉልበት ሊያቀርብ ተስማማን። ከነቅርፊቱ 24 ኩንታል አገኘን። ያቀረብኩት ዘር ከነቅርፊቱ ሲታሰብ 3 ኩንታል ነበር። እሱ ቢነሳ 21ዱን ለሁለት ተካፍለን ለእኔ በድምሩ 13 ከግማሽ ይደርሰኝ ነበር። ሰውየው ግን «እኩል ማለት እኩል ነው» አለና 12 ጭኜ ተመለስኩ። ደግሞም ሳይደርቅ አትመዝን፤ እርጥቡን ጆንያ ውስጥ ብታከማቸው ሻግቶ ገዢ ያሳጣሃል።

3. ውሉን ማን እንደሚፈርም እይ። የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። የተዋዋልነው ለሦስት ዓመት ነበር። ማሳው ተዳፋት ስለሆነ በሚቀጥሉት ዓመታት ይመለስልኛል ብዬ እርከኑን በራሴ ገንዘብ አሠራሁ። የመጀመሪያው ምርት እንደተነሳ ሚስትየዋ መጥታ «የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ስሜ አለ፤ እኔ አልፈረምኩም፤ ዘንድሮ ለራሳችን እናርሳለን» አለች። ወደ መሬት ቢሮው ሮጥኩ። አንዱ ሠራተኛ ወረቀቴን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ይህን ገበያ ላይ ነው የጻፍከው?» ብሎ ሳቀብኝ። አልተመዘገበም፣ የሚስት ፊርማ የለውም፣ ማኅተም የለውም። ሦስት ቀን አመላልሶኝ በአራተኛው «ሽማግሌ ይያዘው» አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ስንቀርብ አንድ አዛውንት ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ መልሰህ ጭሰኛ ልታደርገን ነው?» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። የእኔም አያት በንጉሡ ጊዜ የሰው መሬት አርሶ እኩሌታውን ለባለርስት የሚያስረክብ ጭሰኛ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከከተማ ሄጄ እኩሌታ ተቀባይ ሆኛለሁ። የካቲት 1967 የወጣው አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር ማከራየትንም አብሮ ከልክሎ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን ያለፉ ሰዎች ዛሬም ወረቀት ስታወጣ ይጠራጠሩሃል። እውነቱን ለመናገር ሴትየዋም ልክ ነበረች። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 የባልና ሚስት የጋራ መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ያዝዝ ነበር፤ አዋጁ በ2016 በሌላ ተተክቷል። ደብተሩን ገልጦ ማየት የእኔ ሥራ ነበር፤ እኔ ግን ከባልየው ጋር ጫት ይዤ ተቀምጬ በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት። የእርከኑ ገንዘብ እዚያው ቀረ።

ተስፋ እንዳትቆርጥ ግን። ዓመቱን አሳልፌ ተመለስኩና በዚህ ጊዜ ከእርሷ ጋር ተነጋገርኩ። ውሉ በኦሮምኛ ተጽፎ ተነበበላት። ዘሩ ከመሃል እንዲነሳ ወዲያው ተስማማች፤ የኦቾሎኒው ግንድና ቅጠል ግን ለከብቶቿ እንዲቀር ጠየቀች፤ ፈቀድኩ። ጆንያ ስትቆጥር ብታያት! ባልየው አንድ ሲያሳልፍ እርሷ አታሳልፍም፤ ለእኔ የሚደርሰውንም ቢሆን። ይኸው እስከ ዛሬ አብረን ነን፤ ሰፈራችን ውስጥ በእኩል ገብቶ ሳይካሰስ የሁለተኛ ዓመት ምርት ያነሳ ከእኔ ሌላ አላውቅም።

ወደ ቢሮው ስትሄዱ ባልና ሚስቱን አንድ ላይ ይዘህ በጠዋት ድረስ። የጣት አሻራ ቀለምም ከቤትህ ያዝ፤ የቢሮው ሁልጊዜ ደርቆ ነው የሚገኘው።