የኮብልስቶን ቤት ድንጋዩ ሲረግፍ

ጥያቄው፦ «ከሮቸስተር (ኒው ዮርክ ግዛት፣ አሜሪካ) በስተ ምዕራብ በ1840ዎቹ የተሠራ የኮብልስቶን ቤት ገዝተናል። በሰሜኑ ግድግዳ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ እየወደቁ ነው። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ክፍተቱን በሲሚንቶ ደፍነውታል። ተቋራጩ አሁን ሙሉውን ግድግዳ በሲሚንቶ ስቲላቱራ (በድንጋዮቹ መካከል ያለውን መስመር በሞልታ መሙላት) ልሥራው ይላል። እሺ ልበለው?»

እሺ አይበሉት። ድንጋዩን የሚያስረግፈው ያው ሲሚንቶ ነው።

አዲስ አበባ መንገድ ላይ የምናውቀው ኮብልስቶን ተጠርቦ ማዕዘን የወጣለት ነው። የእርስዎን ቤት ድንጋይ ግን ማንም አልጠረበውም። ጥንት የበረዶ ግግር ተሸክሞ ያመጣው፣ አንዳንዱንም የኦንታርዮ ሐይቅ ማዕበል ያለሰለሰው፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ድቡልቡል ድንጋይ ነው። በዚያ አካባቢ ከ1825 እስከ 1860 ገደማ ብዙ ቤት ተሠርቶበታል። ድቡልቡል ድንጋይ ከጎረቤቱ ጋር አይነካከስም፤ የያዘው የኖራ ሞልታው ብቻ ነው። ግድግዳው የሚጠጣውን ውሃ ኖራው ቀስ እያለ ያስተነፍሰዋል፣ ሲሚንቶው ግን ይዘጋበታል። በውስጥ የታቆረው ውሃ በብርዱ ወራት በረዶ ሆኖ ሲረጋ ያብጣል፣ ለስላሳውን ኖራ ያፈራርሳል፣ ድንጋዩንም ወደ ውጭ ይገፋዋል። ፋሲል ግቢ ላይም በጣሊያን ጊዜ ለጥገና የገባውን ሲሚንቶ ኋላ በኖራ መተካት አስፈልጓል።

ከግንበኛው ጋር ለመግባባት የቤትዎን ክፍሎች በስማቸው ይወቋቸው። በማዕዘኑ ላይ የተደረደሩት ትልልቅ ጥርብ ድንጋዮች የማዕዘን ድንጋይ ናቸው፤ ኮብሉ ብቻውን ቀጥ ያለ ማዕዘን ማውጣት ስለማይችል ጫፉን የሚይዙት እነሱ ናቸው። ከመስኮቱ በላይ የተጋደመው ጉበን፣ ከሥሩ ያለው ደፍ ነው። በረድፎቹ መካከል በአግድም የሚሄደው፣ እንደ ድንኳን ጫፍ ሾጠጥ ያለው የሞልታ መስመር ደግሞ ሸንተረሩ ነው። የቤቱ ውበት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ጠፍጥፎ የሚሠራ ሰው አይቅጠሩ።

ከሁሉ በፊት ውሃውን ያቁሙ። ከመስኮት ሥር የሚረግፍ ከሆነ ደፉ ተሰንጥቆ ወይም አሸንዳው ተቀድዶ ሊሆን ይችላል። ይህ ሳይጠገን የሚሠራ ስቲላቱራ ገንዘብ ማባከን ነው።

ከዚያ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ዝናብ ካልደረሰበት ቦታ፣ የማንኪያ ሙሉ የድሮ ሞልታ ፍቀው ያውጡ። አድቅቀው አቼቶ ያፍስሱበት። አረፋው እስኪያቆም፣ አቼቶውን እየቀየሩ፣ አንድ ሁለት ቀን ያቆዩት። ኖራው ሟሙቶ ሥር የሚቀረው አሸዋ ነው፤ አጥበው ያድርቁትና ቀለሙንና የጠጠሩን መጠን የሚመስል አሸዋ ይፈልጉ። የኖራ ድንጋይ ያለበት አሸዋ ከሆነ ግን እሱም አብሮ ስለሚሟሟ ውጤቱን ሙሉ በሙሉ አይመኑ።

ሲሚንቶው በቀጭን መሮና በቀላል መዶሻ፣ ከመስመሩ መሐል ተጀምሮ ወደ ጠርዙ ይነሣ። የኤሌክትሪክ መቁረጫ አያስነኩ፤ የድንጋዩን ፊት ይልጠዋል። ጥልቀቱ የመስመሩን ስፋት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ይሁን፣ ጤነኛ ኖራ እስኪገኝም ይቀጥል። ሲሚንቶው ድንጋዩን ሳይሰብር አልወጣም ካለ ግን ያንን ቦታ መተው ይሻላል። የወደቁትን ድንጋዮች በጠመኔ ቁጥር ጽፈው ፎቶ ያንሷቸው። ሲመለሱ ረጅም ጎናቸው ወደ ግድግዳው ውስጥ ይግባ። ብዙ ቦታ እንዲሸፍን ብሎ በጎኑ የሚያስተኛው ግንበኛ አለ፤ ያ ድንጋይ ተመልሶ ይወድቃል።

ውህዱ በመጠን አንድ እጅ ሃይድሮሊክ ኖራ (ከውሃ ጋር ሲገናኝ የሚጠነክር፣ ከረጢቱ ላይ 3.5 የሚለው) እና ሁለት ተኩል እጅ የታጠበ፣ ሻካራ አሸዋ ነው። ውሃው ጥቂት፦ በመዳፍ ሲጨመቅ ቅርጹን ይዞ፣ እጅን ሳያረጥብ። ግድግዳው ከማታው ጀምሮ ይርጠብ፤ ሲሠራ ግን ላዩ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ አይኑር። ሞልታው በአንድ ጊዜ አይጎረስ፤ በሩብ ኢንች ንብብር እየተጠቀጠቀ ይሙላ። የመጨረሻው ንብብር በአውራ ጣት ሲጫኑት ጥቂት ብቻ የሚጎደጉድ ሲሆን ሸንተረሩ ይወጣል። ቅርጹን ካልተነካ ቦታ በካርቶን ቀድተው ለሠራተኛው ይስጡት። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፣ የመሮ አቧራም ሳንባ ይጎዳል፤ መነጽር፣ ጓንትና ጭንብል የግድ ነው።

ሥራው በእርጥብ ጆንያ ቢያንስ ለሳምንት ይሸፈን። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረድ የለበትም፤ ኖራ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር በእርስዎ አካባቢ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይጨርሱ። «ውሃ አያስገባም» ተብሎ የሚሸጠውን ቀለም ግድግዳው ላይ አያስቀቡ።

አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኛል። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ይምቱት፤ ሰፋ ያለ ቦታ ኦና ድምፅ ከሰጠ ወይም ሆዱ ከተነፋ፣ የፊት ኮብሉ ከውስጡ ግንብ ተላቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ ስቲላቱራ አይበቃውም፤ አንድ ድንጋይ ሳይነቀል በፊት የድሮ ግንብ የሚያውቅ መሐንዲስ ይጥሩ።