ጥያቄና መልስ፦ ገበያው በጋለበት ጊዜ አዲስ ቤት መግዛት

ውኃ ልክ፦ በየፊናችሁ ስለምትጠይቁኝ ዛሬ አንድ ላይ እንጨርሰው። ሥራዬ የሕንፃ ቁጥጥር ነው፤ አብዛኛው ጊዜዬ የሚያልፈው ቀለማቸው ሳይደርቅ ውኃ የገባባቸውን ቤቶች በማየት ነው። ስለ ግንባታ ጠይቁኝ። ስለ ወለድና ስለ ዋጋ ትንበያ ሌላ ሰው ፈልጉ። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ ገንዘባችሁ ከግንባታው አይቅደም፤ ውኃ ሳትሞክሩ ቁልፍ አትረከቡ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተከራይ፦ ዋጋው በየወሩ እየጨመረ ነው። አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?

ውኃ ልክ፦ ጠንቋይ አይደለሁም። ቀጣይ።

ጎጆ ወጪ፦ ኢንጂነር፣ እኔና ባለቤቴ መሠረቱ ገና እየተቆፈረ ካለ ሕንፃ ላይ አፓርታማ ልንገዛ ነው። ግማሹን አሁን ከከፈልን ጥሩ ቅናሽ እናገኛለን። ሰው እየተሻማ ስለሆነ እስከ ዓርብ ወስኑ ተብለናል። ምን ይመክሩናል?

ውኃ ልክ፦ ጉድጓድ ላይ ግማሽ ክፍያ? እህቴ፣ ያለ ወለድና ያለ መያዣ ልታበድሯቸው ነው። ቅናሽ ያሉትም የብድሩን ማባበያ ነው።

ክፍያው ከሥራው ደረጃ ጋር ይታሰር። መሠረቱ ሲወጣ ይህን ያህል፣ የእናንተ ፎቅ ሶሌታ (የአርማታ ወለሉ) ሲሞላ ይህን ያህል፣ ግድግዳው ሲያልቅ፣ ቧንቧና መስኮቱ ሲገባ እያለ ይቀጥል። «ውሉ ከተፈረመ በስድስተኛው ወር» የሚል የክፍያ ሰሌዳ ካያችሁ ቀኑ ሲደርስ ሥራው ቢቆምም ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ደረጃው መድረሱን የሚመሰክረው ሻጩ ራሱ አይሁን። ከጠቅላላው 5 ወይም 10 በመቶ የሚሆነው ደግሞ ጉድለቱ ሁሉ እስኪታረም በእጃችሁ ይቆይ።

ገበያ ሲግል የሚሆነውን ልንገራችሁ። አልሚው፣ ማለትም ቤቱን አስገንብቶ የሚሸጠው ድርጅት፣ የሁለተኛውን ሕንፃ ገዢዎች ገንዘብ የመጀመሪያውን ለመጨረስ ያውለዋል፤ ሦስተኛውን ሸጦ ሁለተኛውን ያስቀጥላል። ሽያጩ እስካልቆመ ድረስ ክፍተቱ ለማንም አይታይም። ቻይና ውስጥ ኤቨርግራንዴ የተባለው ግዙፍ አልሚ 2021 ላይ ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ በቀጣዩ ዓመት በብዙ ከተሞች ያላለቀ ቤት የገዙ ሰዎች «ቤቱ ሳይኖር ብድሩን አንከፍልም» ብለው ተነሡ። ሕንድ በ2016 ባወጣችው ሕግ አልሚው ከገዢዎች ከሚሰበስበው ገንዘብ 70 በመቶውን በተለየ የባንክ ሒሳብ አስቀምጦ ለዚያው ግንባታና ለመሬቱ ወጪ ብቻ እንዲያውለው አስገድዳለች። የእናንተ ሻጭ እንዲህ ያለ የተለየ ሒሳብ እንዳለው ጠይቁት። መልሱን ብቻ ሳይሆን ፊቱንም ተመልከቱ።

ቆጣቢ፦ የእኔ ውል «የግንባታ ዕቃ ዋጋ ከናረ የሽያጩ ዋጋ ይስተካከላል» ይላል። ልፈርም?

ውኃ ልክ፦ ጣሪያ ከሌለው አትፈርም። ጭማሪው ከምን ያህል በመቶ እንደማይበልጥ ይጻፍ፤ ከዚያ ካለፈ ገንዘብህን ይዘህ የመውጣት መብት ይኑርህ። ውሉን ለጠበቃ አሳይ፤ ለእኔ አትላክልኝ።

አገናኝ፦ ይቅርታ ኢንጂነር፣ እኔ በድለላ የምተዳደር ሰው ነኝ። ምክርዎ በወረቀት ላይ ያምራል። በዚህ ገበያ ግን ይህን ሁሉ የሚጠይቅ ገዢ ቤት አያገኝም፤ ከኋላው አሥር ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል።

ተከራይ፦ አሥሩንም ደውለህ ያሰለፍካቸው አንተ ነሃ።

አገናኝ፦ ወንድሜ፣ ያለ ደላላ ገብቶ ለሁለት ሰው የተሸጠ ቤት ገዝቶ የቀረውን ሰው አታውቅም? እኔ ቢያንስ ሻጩ ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ቆጣቢ፦ ክፍያህ የሚሰላው ከሽያጩ ዋጋ ላይ ነው። ዋጋ ሲወጣ ኪስህ የሚሞላ ሰው ለገዢ ተከራከርኩ ሲል ማን ያምነዋል?

አገናኝ፦ ሐኪምም የሚኖረው በበሽተኛ ነው፤ ሰው ግን መታከሙን አልተወም።

ተከራይ፦ ሐኪም እስከ ዓርብ ካልታመምክ ቦታው ይያዛል አይልም።

ውኃ ልክ፦ ይብቃችሁ። አገናኝ ከተናገረው ውስጥ አንድ እውነት አለ፤ በጋለ ገበያ ሻጭ ገዢውን ይመርጣል። ስለዚህ ሁሉን ነገር አትጠይቁ። የቀለሙን ዓይነት፣ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ፣ የርክክቡን ቀን ልቀቁለት። ክፍያው ከደረጃ ጋር መታሰሩንና ቤቱን በራሳችሁ ባለሙያ የማስመርመር መብታችሁን አትልቀቁ። እነዚህን ሁለቱን የሚከለክል ሻጭ ቤቱን ከእናንተ በተሻለ ያውቀዋል። ለሁለት የተሸጠውንም ደላላ ስለነበረ ብላችሁ አትመኑ፤ ባለቤትነቱንና ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለበት መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ በገዛ ዓይናችሁ እዩ።

የልጆች እናት፦ የእኛ ቤት አልቋል፤ በጣም ያምራል። ውኃ መሞከር የሚሉት ግን ምንድን ነው? ቧንቧ ከፍቶ መዝጋት ነው?

ውኃ ልክ፦ በመጨረሻ ሰው ጠየቀኝ! ቧንቧ ከፍቶ መዝጋትማ ሻጩ ራሱ ያሳያችኋል።

መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ግቡ። በወለሉ ላይ ያለውን የፍሳሽ ቀዳዳ በፕላስቲክ በተጠቀለለ ጨርቅ ወይም በጎማ መክደኛ ጥርቅም አድርጋችሁ ድፈኑ። ከበሩ ደፍ እንዳያልፍ እየተጠነቀቃችሁ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውኃ ሙሉ። ውኃው የደረሰበትን ግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምሩ። 24 ሰዓት ማንም አይግባ። በማግሥቱ ምልክቱን እዩ። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር በትነት ይጎድላል፤ ጣት ያህል ከጎደለ ግን የሆነ ቦታ ሄዷል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የድፈናችሁ ማፍሰስ ነው፤ እሱን አስተካክላችሁ ድገሙት። ቀጥሎ ከበታቻችሁ ወዳለው ፎቅ ወርዳችሁ ኮርኒሱን በባትሪ እዩ። መብራቱን ወደ ጎን አስተኝታችሁ አብሩ፤ ፊት ለፊት ሲበራበት የማይታይ እርጥበት በጎን ብርሃን ጥላ ይጥላል። በተለይ ቱቦው ሶሌታውን የሚበሳበት ዙሪያ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ከዚያ ድፈናውን ንቀሉና ውኃው ሲወርድ ቆማችሁ ተመልከቱ። ጥግ ላይ ተኝቶ የሚቀር ኩሬ ካለ ወለሉ ተዳፋት የለውም። ሻወር ላይ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። «ሴራሚክ ስለሆነ ችግር የለም» ይሏችኋል። ሴራሚክ ውኃ አይከለክልም፤ በመጋጠሚያው በኩል ያልፋል። የሚከለክለው ከሴራሚኩ ሥር የተነጠፈውና ግድግዳው ላይ ወጣ ብሎ የተለጠፈው ሜምብሬን የሚባለው ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ ነው። ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ሜምብሬኑ ይኑር አይኑር የሚያውቀው ሠራተኛው ብቻ ነው። ቤታችሁ ገና ያልተለጠፈ ካላችሁ ፈተናውን ከሴራሚኩ በፊት አድርጉ፤ ፎቶም አንሡ።

በረንዳውን አትርሱ። የበረንዳው ወለል ከሳሎኑ ወለል ዝቅ ማለት አለበት፤ እኩል ከሆነ ዝናቡ ሳሎን ይገባል። ጣራውም ጠፍጣፋ ነው ቢባል ፍጹም ጠፍጣፋ መሆን የለበትም።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። ካናዳ ውስጥ ቫንኩቨርና አካባቢዋ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በተሠሩ በርካታ አፓርታማዎች ግድግዳ ውስጥ ውኃ እየገባ እንጨቱን አበሰበሰው፤ ነገሩ እስከ 1998ቱ አጣሪ ኮሚሽን ደረሰ። ኒውዚላንድም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተሠሩ ቤቶቿ ላይ ያው ደረሰባት። ፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ ውስጥ 2021 ላይ ተደርምሶ 98 ሰዎች ያለቁበትን ሕንፃ ከመደርመሱ ሦስት ዓመት ቀድሞ የመረመረው መሐንዲስ፣ በመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ያለው ወለል ተዳፋት ስለሌለው ውኃው እንደሚተኛና ውኃ መከላከያውም እንደተበላሸ ጽፎ ነበር። የመደርመሱ ምክንያት እሱ ብቻ ነው አልልም። የተኛ ውኃ ግን አርማታው ውስጥ ገብቶ ብረቱን ያዝገዋል፤ የዛገ ብረት ያብጣል፣ ያበጠው ደግሞ አርማታውን ይሰነጥቀዋል።

ተከራይ፦ ቤቱ ጥሩ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

ውኃ ልክ፦ የትኛው ቤት? ስንተኛ ፎቅ? ምን አይተህ ጠረጠርክ? እንዲህ ተጠይቆ የሚመለስ ጥያቄ የለም።

ጥግ ያዥ፦ ግድግዳዬ ላይ ስንጥቅ አለ። ያሰጋል?

ውኃ ልክ፦ ይኸው ደግሞ ሌላ። ስፋቱስ? አቅጣጫውስ? ብሎኬት ላይ ነው ምሰሶ ላይ?

ጥግ ያዥ፦ ይቅርታ። ሁለት ናቸው። አንዱ ምሰሶውና ብሎኬቱ በሚገናኙበት ቀጥ ብሎ የወረደ ፀጉር የመሰለ ነው። ሌላው ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ ወደ ላይ የሚሄድ ነው፤ ወፍራም ወረቀት ያስገባል።

ውኃ ልክ፦ እንዲህ ጠይቁ እንጂ! የመጀመሪያው ብዙም አያስጨንቅህ። ብሎኬትና አርማታ እኩል ስለማይሰበሰቡና ስለማይለጠጡ በመካከላቸው ልስኑ ይሰነጠቃል፤ በመጋጠሚያው ላይ ወንፊት ሽቦ ተደርጎ ቢለሰን ኖሮ ይቀንስ ነበር። ለሁለተኛው ጫፎቹ ላይ በእርሳስ መስመር አድርገህ ቀኑን ጻፍበት፣ ስፋቱንም ለካ። ከሳምንታት በኋላ ስንጥቁ መስመሩን ካለፈ ወይም ከሰፋ፣ በዚያው ክፍል ያለው በርም መግጠም እምቢ ካለ መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል። እርጥብ ሲሆን የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ የሸክላ አፈር ላይ የተሠራ ቤት ይህን ያደርጋል። ምሰሶ ወይም ቢም (ምሰሶዎችን የሚያገናኘው አግዳሚ አርማታ) ላይ ያለ ስንጥቅ ከሆነ ግን ቀን አትቁጠር፤ የስትራክቸር መሐንዲስ ጥራ። ቀለም ቀብተው ሊሸፍኑልህ ከመጡ አታስገባቸው።

ላይኛው ፎቅ፦ ለመሆኑ የመጨረሻው ፎቅ ይሻላል ወይስ ምድር ቤቱ? እኔ ከላይ ሰው አይረግጠኝም ብዬ የመጨረሻውን መረጥኩ።

የልጆች እናት፦ ሊፍት ሲበላሽ እንገናኝ። ምድር ቤት ለልጅም ለአረጋዊም ይሻላል።

ቆጣቢ፦ ምድር ቤት ለሌባም ይሻላል።

ላይኛው ፎቅ፦ ነፋሱስ? ዕይታውስ?

ውኃ ልክ፦ ስለ ዕይታ አልጠየቃችሁኝም። የመጨረሻው ፎቅ ላይ የጣራውን ውኃ መከላከያ፣ የአሸንዳውንና የውኃ መውረጃውን ነገር መርምሩ። ምድር ቤት ላይ ግድግዳው ግርጌ ነጭ የጨው ዱቄት ካለ እርጥበት ከመሬት እየወጣ ነው፤ የሕንፃው ዋና ፍሳሽ ሲዘጋም መጀመሪያ የሚገነፍለው በእናንተ ሽንት ቤት ነው። በሁለቱም ቦታ ውኃ ሳትሞክሩ ቁልፍ አትረከቡ።

ጎጆ ወጪ፦ የእኛ አልሚ በጣም ፈጣን ነው ይላሉ። በየሳምንቱ አንድ ሶሌታ ይሞላል። ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም?

ውኃ ልክ፦ ፍጥነቱ ብቻውን ምንም አይነግረኝም። የአርማታ ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ በ7ኛው ቀን ከሚፈለገው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ላይ ይደርሳል። በሳምንት አንድ ሶሌታ የሚሞላ ሰው ከሥር ያሉትን ፎቆች መደገፊያ ካልነቀለ ሊሆንለት ይችላል። ሄደሽ እዪ። ከተሞላ ሦስት ቀን የሆነው ሶሌታ ላይ እርጥብ ጆንያ ወይም የተኛ ውኃ አለ ወይስ ፀሐይ እየጠበሰው ነው? አርማታ ቢያንስ አንድ ሳምንት እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። የአርማታውን ናሙናዎች የ7 እና የ28 ቀን የላቦራቶሪ ውጤትም ጠይቂ። እኔ በሕይወቴ ልከለክለው የማልፈልገው ውኃ ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

ቆጣቢ፦ 120 ካሬ ብለው የሸጡልኝን ውስጡን ስለካው 98 ወጣ። ተጭበረበርኩ?

ውኃ ልክ፦ ውሉን አንብብ። የደረጃው፣ የኮሪደሩና የሊፍቱ ድርሻ፣ የግድግዳው ውፍረትም ተደምሮ ሊሆን ይችላል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለው የተጣራ ስፋት በውሉ ላይ ለብቻው ይጻፍ ነበር።

ተከራይ፦ የኤሌክትሪኩስ ነገር?

ውኃ ልክ፦ መስኬ አይደለም። የመሬት መስመር መኖሩንና 30 ሚሊ አምፔር ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ ማቋረጫ መገጠሙን በባለሙያ አስለካ።

የልጆች እናት፦ የአንድ ዓመት ዋስትና ሰጥተውናል። በቂ ነው?

ውኃ ልክ፦ ለበር እጀታ ይበቃል። ለሕንፃው አካል አይበቃም። በፈረንሳይ ሕግ የሕንፃውን ጽናት ለሚጎዳ ጉድለት ገንቢው 10 ዓመት ይጠየቃል፤ በሕንድ ለመዋቅር ጉድለት 5 ዓመት ነው። ከዓመቱ ቁጥር በላይ ግን ዋስትናውን የሰጠው ማን እንደሆነ ይመርመሩ። ለዚህ ሕንፃ ብቻ የተቋቋመና የመጨረሻው ቤት ሲሸጥ የሚፈርስ ድርጅት ከሆነ ከማን ጋር ይከራከራሉ? አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት እስኪያልፍ ያቺን የቀረችውን ክፍያ አይልቀቁ። ያፈሰሰውንም በስልክ አይንገሩ፤ ቀን ጽፈው፣ ፎቶ አያይዘው በደብዳቤ ይስጡ።

ቸኳይ፦ ሁሉንም አላነበብኩም፤ ርክክቤ ነገ ጠዋት ነው። አንድ ሰዓት ብቻ ሰጥተውኛል። ምን ይዤ ልሂድ?

ውኃ ልክ፦ ባትሪ፣ ሜትር፣ ውኃ ልክ፣ እርሳስና የቤቱን ሁኔታ የሚያይ አንድ ሌላ ሰው። ሴራሚኩን በሳንቲም መታ መታ አድርገው፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሥሩ ስሚንቶ የለውም። መስኮቶቹን ሁሉ ክፈትና ዝጋ። ሁሉንም ቧንቧ በአንድ ጊዜ ከፍተህ ሽንት ቤቱን ልቀቅ። የ24 ሰዓቱ ፈተና ግን በአንድ ሰዓት አያልቅም፤ ስለዚህ አሁኑኑ ደውለህ ዛሬ ውኃ እንዲሞሉልህ ጠይቅ።

ቸኳይ፦ ደወልኩ። «አሠራራችን አይፈቅድም» አሉኝ። ካልፈረምኩ ቁልፉን አይሰጡኝም።

ውኃ ልክ፦ እንግዲያው ርክክብ ቅጹ ላይ «የመታጠቢያ ቤቱና የበረንዳው ውኃ መከላከያ አልተሞከረም፤ ገዢው እንዲሞከር ጠይቆ ተከልክሏል» ብለህ ጻፍና ከሥሩ ፈርም።

ቸኳይ፦ ቅጹ አስተያየት መጻፊያ ቦታ ባይኖረውስ?

ውኃ ልክ፦ ጀርባው ላይ ጻፍ። ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ላይ ማኅተማቸውን አስመታ።