ስለ አሮጌና ብርቅ ስኮች ጠይቁ፣ ጋሽ ታዴ ይመልሳል

ጋሽ ታዴ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ዛሬ ማታ ስለ አሮጌ ስኮች፣ የስኮትላንድ ውስኪ ማለቴ ነው፣ ያላችሁን ጠይቁኝ። ስለ ጠርሙስ የምትጠይቁ ፎቶ ለጥፉ፣ ከፊትም ከኋላም፣ ውስኪው የት ድረስ እንዳለ በደንብ የሚያሳይ። ያለ ፎቶ መልስ የለም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ ነው።

ዳኒ ዲሲ፦ ጋሼ አባቴ በደርግ ጊዜ ከውጭ ያመጣው ብላክ ሌብል እንደታሸገ ቡፌ ውስጥ አለ፣ 12 ዓመት ይላል፣ አሁን ከ50 አለፈ ማለት ነው?

ጋሽ ታዴ፦ አላለፈም። ውስኪ የሚያረጀው በርሜል ውስጥ ነው፣ ጠርሙስ ከገባ በቃ ቆመ። 12 ማለት ከተቀላቀሉት ውስጥ ትንሹ 12 ዓመት በርሜል ውስጥ ቆይቷል ማለት ነው፣ ቡፌ ውስጥ 40 ዓመት ቢቀመጥ ያው 12 ነው። ግን ከዛሬው ብላክ ሌብል ጋር አንድ አይደለም፣ ጎን ለጎን ብትቀምሳቸው የድሮው ወፈር፣ ጭሱም ጠለቅ ይላል። አትሽጠው፣ ብዙ ብርም አያወጣልህም። አባትህ ካሉ አብራችሁ ክፈቱት።

ቤቲ፦ ብሉ ሌብል አሁን ስንት ገባ?

ጋሽ ታዴ፦ ዋጋ አልመልስም፣ ሱቅ ጠይቂ።

ሳሚ ዱባይ፦ ወንድሜ ኦንላይን የ1890ዎቹ ማካላን የሚባል ስኮች በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ ልግዛው?

ጋሽ ታዴ፦ አትግዛ! ስንቴ እንደምለው እኔንጃ። በ2017 ስዊዘርላንድ ሳንክት ሞሪትዝ አንድ ሆቴል ውስጥ 1878 የሚል ማካላን ተከፍቶ አንድ እንግዳ ለአንድ መለኪያ 10 ሺህ ፍራንክ ገደማ ከፈለ፣ ኋላ ኦክስፎርድ ሲመረመር ከ1970 እስከ 1972 ባለው ጊዜ የተሠራ ሆነ፣ ሲንግል ማልት (በአንድ ፋብሪካ ከገብስ ብቅል ብቻ የተጣራ) እንኳን አይደለም፣ ብሌንድ (የተለያየ ውስኪ ድብልቅ) ነው፣ ሆቴሉም ብሩን መለሰ። በ2018 ደግሞ ስኮትላንድ ውስጥ ብርቅ የተባሉ 55 ጠርሙሶች በካርቦን ተመርምረው 21ዱ ወይ ፎርጅድ ናቸው ወይ በተባለው ዓመት የተጣሩ አይደሉም። እንዴት ታወቀ ለምትሉ፣ በ50ዎቹና በ60ዎቹ የኒውክሌር ቦምብ ሲሞከር አየሩ ውስጥ ካርቦን 14 በዛ፣ ገብስ ሲያድግ ያንን ይወስዳል፣ ስለዚህ ከዛ በኋላ የበቀለ ገብስ ሌብሉ ምንም ቢል ራሱን ያሳብቃል። ባዶ የድሮ ጠርሙስ ገዝተው ሌላ ሞልተው የሚሸጡ ሰዎች አሉ። በጥሩ ዋጋ የተገኘ የ1890ዎቹ ማካላን የሚባል ነገር የለም።

ኪሩ፦ እውነተኛውም ቢሆን እኮ የሚጠጣ አይደለም፣ ማካላን 1926 በ2023 ለንደን ሶዘቢስ ጨረታ ላይ ከ2.1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሄዷል፣ ኢንቨስትመንት ነው

አቤል፦ ሰው ለመጠጥ የሠራውን ቆልፎ ማስቀመጥ ምን ይሉታል? ወርቅ ይግዛ በቃ

ኪሩ፦ ከዛ በርሜል የወጣው 40 ጠርሙስ ብቻ ነው፣ ቢከፍተው ያልቃል

አቤል፦ እንዲያልቅ እኮ ነው የተሠራው!!

ጋሽ ታዴ፦ እኔ ከአቤል ጋር ነኝ፣ ግን ይብቃችሁ፣ ጠያቂ አለ።

ማሂ፦ ሁሉም ብሮራ ብሮራ የሚለው ምን ስላለው ነው? ከሌላ ጋርስ እንዴት ነው የሚወዳደረው?

ጋሽ ታዴ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቁኝ! ብሮራ ሰሜን ስኮትላንድ ያለ የውስኪ ፋብሪካ ነው፣ በ1819 ክላይንሊሽ ተብሎ የተከፈተ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ አጠገቡ አዲስ ክላይንሊሽ ሲሠራ አሮጌው ብሮራ ተባለ። ከ1969 እስከ 1973 ገደማ ለብሌንድ የሚሆን እንደ አይላ ደሴት ውስኪ ጭሳም የሆነ ማልት ስለተፈለገ ገብሱን በፒት (ከረግረግ ተቆፍሮ በሚነድ አፈር) በደንብ ያጨሱት ነበር፣ በ1983 ተዘጋ፣ እንደገና የተከፈተው በ2021 ነው፣ አሁን የሚጣራው ደግሞ እስኪደርስ ገና ብዙ ይቀረዋል። አፍንጫሽን ስታስጠጊ ጭሱ ቀድሞ አይመጣም፣ መጀመሪያ የጧፍ ሰም ነው የሚሸትሽ፣ ቀጥሎ ገለባና በረት፣ ጭሱ ከኋላ ቀስ ብሎ። ሰሙ ምላስ ላይ ቅባት ነገር ሆኖ ይቆያል። ይሄ ሰም ዛሬ ክላይንሊሽም ላይ አለ፣ ሲጣራ መጀመሪያና መጨረሻ የሚወጣውን የሚያጠራቅሙበት ጋን ስር የሚዘቅጥ ቅባት አለ፣ አንዴ ጠራርገው ሲያጸዱት ሰሙ ከውስኪው ጠፍቶባቸው ነበር።

ስለዚህ የድሮ ብሮራ ካገኘሽ ከዛሬው የ14 ዓመት ክላይንሊሽ ጋር ነው የሚቀርበው። አፋቸው ጠበብ ያለ አንድ ዓይነት ሁለት ብርጭቆ፣ 20 ሚሊ ሚሊ፣ የሚቀዳው ሌላ ሰው ይሁን የቱ የት እንዳለ አትወቂ፣ ሌብል ካየሽ ምላስሽ ይዋሻል። ሃያ ደቂቃ ይተንፍስ። መጀመሪያ ያለ ውሃ፣ ከዛ በጠብታ። ሌላም የምትቀምሺ ከሆነ አልኮሉ ዝቅ ያለው ይቅደም፣ ጭሳሙ መጨረሻ። ሽቶ የተቀባ ሰው አጠገብሽ አይቀመጥ፣ በርበሬ የበላሽ ቀን ደግሞ ተይው።

ቶሚ፦ በረዶስ?

ጋሽ ታዴ፦ ለአሮጌ ውስኪ አይሆንም።

ፍሬው፦ አጎቴ ቺቫስ 30 ዓመት አስቀምጧል፣ ስንት ዓመት ሆነው?

ጋሽ ታዴ፦ ኧረ ወንድሜ ከላይ አንብብ! ጠርሙስ ውስጥ አያረጅም። ጠርሙስ ውስጥ አያረጅም። ፎቶም አልለጠፍክም።

ሊዲያ፦ በርሜል ውስጥስ በቆየ ቁጥር ይሻላል?

ጋሽ ታዴ፦ አይደለም። በየዓመቱ 2 በመቶ ገደማ ይተናል፣ አልኮሉም እየወረደ ከ40 ፐርሰንት በታች ከሆነ በሕጉ ውስኪ ተብሎ አይሸጥም። የ45 ዓመት ሆኖ እንጨት እንጨት ብቻ የሚል ቀምሻለሁ።

ናቲ፦ ጥሩ አሮጌ ውስኪ ንገረን

ጋሽ ታዴ፦ ለምን? በስንት? ጭስ ትወዳለህ አትወድም? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ናቲ፦ እሺ ይቅርታ፣ ለንደን ነኝ፣ ጭስ እወዳለሁ፣ ብር ብዙ የለኝም

ጋሽ ታዴ፦ አሁን ተግባባን። በ70ዎቹ የታሸገ ዋይት ሆርስ ከጨረታ ፈልግ፣ ብሌንድ ነው ግን ውስጡ ላጋቩሊን የሚባል ጭሳም ማልት አለበት። ሌብሉ ላይ ከፐርሰንት ይልቅ 70 ፕሩፍ (የድሮ የአልኮል መለኪያ) የሚል ካየህ እንግሊዝ ከ1980 በፊት የታሸገ ነው፣ 40 ፐርሰንት ማለት ነው። ውስኪው የት ድረስ እንዳለ እይ፣ ከጠርሙሱ ትከሻ በታች ከወረደ ተወው፣ ቡሽ ከሆነ አቁመህ አስቀምጥ። ከመጫረትህ በፊት ፎቶውን እዚህ ለጥፍ፣ አየዋለሁ።