«ማን ገደለው?» ብሎ ለጠየቀኝ ልጅና ለጓደኞቹ

ኔትወርክ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ ባለፈው ሳምንት ከክፍል ስንወጣ አስቆመኝ። ስለ ሃከሮች ታሪክ ገለጻ ሊያቀርብ እየተዘጋጀ ነው። «ጋሼ፣ ትሮንን ማን ገደለው?» አለኝ። ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም። ስለዚህ ለእሱም፣ እንደ እሱ ስክሪን ላይ አፍጥጣችሁ ለምታነጉትም ይህን ጻፍኩ።

መጀመሪያ ጥያቄው ራሱ ይታይ። «ማን ገደለው?» ስትሉ፣ ሰው እንደገደለው አምናችኋል ማለት ነው። ልጁ ጎበዝ ልጅ ነው። ግን ያነበበው ነገር መልሱን ጥያቄው ውስጥ ደብቆ አጎረሰው፤ እሱም ሳያኝክ ዋጠው።

ትሮን የበርሊን ልጅ ነው። የተወለደው በ1972 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ኬዮስ ኮምፒውተር ክለብ በሚባለው የጀርመን ሃከሮች ማኅበር ውስጥ የታወቀ ነበር። ትሮን የሃከር ስሙ ነው። የቤት ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

ሰው ሁሉ ወደ ሞቱ ስለሚሮጥ ሥራውን የሚያነሳለት የለም። በዚያ ዘመን የጀርመን የመንገድ ስልኮች የሚሠሩት ቺፕ ባለበት ካርድ ነበር። ትሮን ካርዱና ስልኩ ምን እንደሚነጋገሩ ማወቅ ፈለገ። የካርዱን ሥራ አስመስሎ የሚሠራ ነገርም ሠራ። በመጋቢት 1995 ከጓደኛው ጋር የሕዝብ ስልክ በመዶሻ ሲሰብር ተያዘ። 15 ወር ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ግን በገደብ ሆነ። ይሄን እንድታደንቁለት አይደለም የምነግራችሁ። ስልኩ የሰው ንብረት ነበር።

እኔን የሚገርመኝ የመመረቂያ ሥራው ነው። አይኤስዲኤን የሚባለው ዲጂታል የስልክ መስመር ድምፅን በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ያስተላልፍ ነበር። ትሮን ያንን ድምፅ በጉዞ ላይ እያለ የሚያመሰጥር፣ ማለትም መሐል ላይ ጠልፎ የሚያዳምጥ ሰው እንዳይረዳው የሚለውጥ ስልክ ለመሥራት ተነሳ። የመረጠው አይዲያ የሚባለውን የምስጠራ ዘዴ ነው። በእንዲህ ዓይነት መስመር ላይ ለሠራን ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው እያወራ ነው፤ ማሽኑ «ቆይ፣ ላስብበት» ሊለው አይችልም። አንድ ቢት ከቦታው ከተንሸራተተ በዚያኛው ጫፍ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። ሌላ ተማሪ ሊሠራው የነበረው ክፍል ስላልደረሰለት ሥራው ሙሉ በሙሉ አላለቀም። ሥራውን የገመገመው ፕሮፌሰር ግን እጅግ በጣም ጥሩ ብሎ ፈረደለት። እንዲህ ያለ ስልክ ተራው ሰው እጅ እንዲገባ ነበር ምኞቱ።

ኦክቶበር 17 ቀን 1998 ጠፋ። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 22፣ በርሊን ውስጥ ኖይኮልን በሚባለው አካባቢ በአንድ መናፈሻ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 26 ነበር። ባለሥልጣናቱ ራሱን አጥፍቷል ብለው መዘገቡ። ቤተሰቡና ብዙ የክለቡ ጓደኞቹ አልተቀበሉትም። ከፍለው የሚያዩትን ቴሌቪዥን የሚከፍቱ ካርዶችን ምስጢር መፍታቱና የድምፅ ምስጠራው የስለላ ድርጅት ወይም የተደራጁ ወንበዴዎችን ጥቅም ሊነካ ይችላል፣ ስለዚህ ተገድሎ ሊሆን ይችላል አሉ። በማግሥቱ ዓመት አንድ ጋዜጠኛ ራሱን ነው ያጠፋው የሚል መጽሐፍ አወጣ። ወላጆቹም ክለቡም ተቃወሙት።

እንግዲህ አስተውሉ። ቀኖቹ፣ ቦታው፣ መሞቱ፣ እነዚህ ላይ ክርክር የለም። ከዚያ ወዲያ ያለው «እገሌ እንዲህ አለ» ነው። የፖሊስ መዝገብም አንድ አስተያየት ነው፤ ምርመራ ያለበት፣ ከወሬ የሚከብድ አስተያየት፣ ግን ሊሳሳት የሚችል። የጓደኞቹም ጥርጣሬ ከባዶ ሜዳ አልመጣም። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? ጠርጥሩ። ግን «ሊገድሉት ምክንያት ነበራቸው» ማለትና «ገደሉት» ማለት ሰማይና ምድር ናቸው። መሐላቸው ያለውን ክፍተት በማስረጃ እንጂ በድፍረት አትሙሉት። «ደስተኛ ነበር፣ ራሱን አያጠፋም» የሚለውንም ተጠንቀቁበት። ስቆ አምሽቶ ማታ ብቻውን የሚያለቅስ ሰው አውቃለሁ። ከእናንተም መሐል እንዲህ የሚያድር ካለ፣ ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይንገር።

ይሄን አጥብቄ የምናገረው ራሴ ስለበደልኩ ነው። ከዓመታት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ቅዳሜ ማታ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ሎጉን፣ ማለትም ማሽኑ የሠራውን ሁሉ በየሰዓቱ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ከፈትኩት። መሐሉ ላይ የ40 ደቂቃ ክፍተት አለ። ከክፍተቱ በፊት ያለው የመጨረሻ መስመር የአንድ ወጣት ቴክኒሻን መግቢያ ስም ነው። አለቃዬ ሰኞ ጠዋት ሪፖርት ይፈልጋል። «ምክንያቱ አልታወቀም» ብዬ መጻፍ አፈርኩ። የዚያን ሁሉ ዓመት ልምድ ይዤ አላውቅም እላለሁ እንዴ? «በቴክኒሻኑ ስህተት» ብዬ ፈረምኩበት። ልጁ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። በሦስተኛው ሳምንት እሱ ፈቃድ ላይ እያለ ያው ነገር ተደገመ። ጥፋቱ ሲሞቅ የሚጠፋ ፓወር ሰፕላይ፣ ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ፣ ነበር። የእርማት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ልጁ ግን ሥራውን ለቆ ሄዷል። የዚያ ሪፖርት ቅጂ ዛሬም ቤቴ አለ። ፊርማዬ በጣም ያምራል።

ወደ ትሮን ስም ልመለስ። ወላጆቹ ሙሉ ስሙ በዊኪፒዲያ እንዳይወጣ ፍርድ ቤት ሄደው ነበር። በዲሴምበር 2005 ጊዜያዊ እግድ ወጣ። በጃንዋሪ 2006 በተሰጠ ሌላ እግድ ደግሞ የዊኪፒዲያ የጀርመን ድረ ገጽ አድራሻ አንባቢውን ወደ ኢንሳይክሎፒዲያው ማስገባቱን ለአጭር ጊዜ አቆመ። በፌብሩዋሪ እግዱ ተነሳ፤ ስሙም እዚያው ቀረ። ሕጉ ለጸሐፊዎቹ ፈረደ ማለት ነው። በሕግ አልከራከርም፤ ግልጽነትን እወዳለሁ። ግን ልጃቸውን የቀበሩ ሰዎች አንድ ነገር ለመኑ፤ ለእኔ ታሪኩን ለመናገር «ትሮን» የሚለው ስም ይበቃኛል። እናንተ ስለ ሞተ ሰው ስትለጥፉ እናትየው ልታነበው እንደምትችል አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ልጁ ማታ የገለጻውን ረቂቅ ላከልኝ። 12 ስላይድ ነው። ዘጠኙ ስለ አሟሟቱ፣ አንዱ ስለ ስልኩ ነው። «ስልኩን አስፋው፤ ድምፁ እንዴት እንደሚመሰጠር ሰሌዳ ላይ ሥራልን» ብዬ መለስኩለት። የመጀመሪያውን ስላይድ ርእስም «እንዴት ሞተ?» በሚል እንዲለውጠው፣ ከሥሩም ማን ምን እንዳለ በየስሙ እንዲጽፍ ነገርኩት። «መጨረሻው ላይ መልሱን ምን ልበል ታዲያ?» አለኝ። ባዶ ተወው አልኩት።