ልጆቼ በጸሎት ሰዓት አይረጉም፤ እኔም እቆጣለሁ፤ ጸሎቱን ልተወው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ወንዱ 6 ዓመቱ፣ ሴቷ 3 ዓመቷ ነው። ማታ ከመተኛታቸው በፊት አብረን እንድንጸልይ ወስኜ ጀምሬ ነበር። ነገር ግን ወንዱ ቆሞ ሲያማትብ ትንሿ አልጋ ላይ ትዘላለች፤ እርሷን ሳረጋጋ እርሱ ይስቃል። እኔም ከሥራ ደክሜ ስለምገባ ትዕግሥቴ ቶሎ ያልቃል። «አባታችን ሆይ» ብለን የጀመርነው በእኔ ጩኸትና በእነርሱ ለቅሶ ያበቃል። በቅርቡ ወንዱ ልጄ «አባዬ፣ ዛሬ አንጸልይ፤ ስንጸልይ ትቆጣለህ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አጣሁ። እስኪያድጉ ድረስ ጸሎቱን ልተወው? መጽሐፍ ቅዱስ ስለ በትር ይናገራልና መምታትስ ይገባኛል? ልጄን ይቅርታ ብጠይቀው አባትነቴን አያቀልብኝም? ቤተ ክርስቲያን ስወስዳቸውም ሰው እንዳይረብሹ እያልኩ እሳቀቃለሁ። ቢያስረዱኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጸሎቱን አትተወው። እስከ ዛሬ በያዝከው አኳኋን ግን አትቀጥለው። ልጅህ የሸሸው ቁጣህን ነው፤ ጸሎቱን ገና አላጣጣመውም። ሁለቱ በልቡ ውስጥ አንድ ላይ ተጣብቀው ሳይደርቁ መለያየት ደግሞ የአንተ ሥራ ነው። የ6 ዓመት ልጅ አባቱን ፊት ለፊት «ትቆጣለህ» ማለቱ አሁንም እንደሚተማመንብህ ያሳያል። ፈጽሞ የፈራ ልጅ ዝም ይላል። ከጻፍክልኝ ሁሉ ትልቁን ተስፋ ያገኘሁት በዚህ ቃሉ ውስጥ ነው።

የመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊን 3ኛ ምዕራፍ ታውቀዋለህ። ብዙ ጊዜ የምንሰብክበት ስለ ነቢዩ ጥሪ ነው። አንተ ግን ልጆችህ ከተኙ በኋላ በካህኑ በዔሊ ቦታ ሆነህ አንብበው። ዔሊ አርጅቷል፤ ዓይኖቹ ፈዝዘዋል፤ በስፍራው ተኝቷል። ብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት እየሮጠ መጥቶ «የጠራኸኝ እነሆኝ» ይለዋል። ዔሊ አልጠራውም፤ ተመልሶ እንዲተኛ ነግሮ ሰደደው። ልጁ እንደገና መጣ። የብዙ አባቶች ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ዔሊ ግን በዚህ በሁለተኛው ጊዜ «ልጄ ሆይ» የሚል ቃል ጨመረበት፦ ልጄ ሆይ፣ አልጠራሁህም፤ ተመልሰህ ተኛ። ሦስተኛ ሲመጣ ብላቴናውን የጠራው እግዚአብሔር እንደ ሆነ አስተዋለ። በሁለተኛው ላይ ጮኾበት ቢሆን ኖሮ ልጁ ሦስተኛ ለመምጣት ይደፍር ነበር? ድምፁን እየሰማ፣ የማን እንደ ሆነ የሚነግረው አጥቶ፣ ከመኝታው ሳይነሣ ባደረ ነበር።

ያስተማረውንም ጸሎት ተመልከት። ካህን ነውና ብዙ ጸሎትና ብዙ ሥርዓት ያውቃል። ለልጁ የሰጠው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ አቤቱ፣ ባሪያህ ይሰማልና ተናገር። ሳሙኤል በዚያች አጭር ቃል ነው ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገር የጀመረው።

ስለዚህ አንተ የለመድከውን ጸሎት ሙሉውን እንዲቆሙልህ አትጠብቅ። ጌታችን በጌቴሴማኒ ሲጸልይ ጴጥሮስና ሁለቱ የዘብዴዎስ ልጆች ያደጉ ሰዎች ነበሩ፤ አንዲት ሰዓት መትጋት አቅቷቸው ተኙ። ጌታ ወቀሳቸው፤ ወዲያውም መንፈስ ተዘጋጅታለች፣ ሥጋ ግን ደካማ ነው ብሎ ድካማቸውን አወቀላቸው (ማቴ. 26፥41)። የ3 ዓመት ልጅ ስትዘል እግዚአብሔርን መናቋ አይደለም። ሰውነቷ ገና ጸጥ ብሎ መቆምን አልተማረም።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ሰዓቱን ከመኝታ ላይ አንሥተህ ከእራት በፊት አድርገው። በመኝታ ሰዓት ልጅ የሚነጫነጨው እንቅልፍ እያንገላታው ነው፤ የአንተም ጉልበት ያን ጊዜ አልቋል። ከሥራ ስትገባ ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጥና ጥቂት ጊዜ ወለል ላይ ተቀምጠህ አጫውታቸው። ይህን እንደ ትርፍ ነገር አትቁጠረው። ቀኑን ሙሉ ያላየችውን አባቷን በጸሎት ሰዓት ብቻ የምታገኝ ልጅ በዚያ ሰዓት ብትዘል ምን ያስገርማል? ናፍቃህ ነው። ከዚያ የትንሿን ቀኝ እጅ በእጅህ ይዘህ ከግንባሯ ወደ ደረቷ፣ ከግራ ትከሻዋ ወደ ቀኝ እያማተብክ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ አሜን» በል። «አባታችን ሆይ»ን አንተ አንድ ሐረግ ስትል ወንዱ ይከተልህ። ቀጥሎ እያንዳንዳቸው በዕለቱ ደስ ያላቸውን አንድ ነገር ለእግዚአብሔር ይንገሩት፤ አንድ ሰውም በስም ያስቡ። ልጅህ ኳስ ስለ መጫወቱ ቢያመሰግን አታርመው፤ ምስጋናው እውነተኛ ነው። «አሜን» ብላችሁ ጨርሱ። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ትንሿ መካከል ላይ ጥላችሁ ብትሄድ አታሳድዳት፤ ከወንዱ ጋር ቀጥል። ብዙውን ጊዜ ራሷ ትመለሳለች፤ ባትመለስም ነገ አለ። የቀረውን የራስህን ጸሎት እነርሱ ሲተኙ አድርሰው። ባለቤትህም አብራችሁ ትቁም፤ አንተ እየደከምክ መሆኑን ስታይ እርሷ እንድትቀጥል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ስለ በትር የጠየቅከው ከበድ ያለ ነው። በምሳሌ 13፥24 ያለው ቃል የእግዚአብሔር ቃል ነው፤ አልሸፋፍነውም። ነገር ግን ጥቅሱን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ልጁን የሚወድ አባት ተግቶ እንደሚገሥጽ ያገኛል። ትጋት ከቁጣ ጋር አብሮ አይሄድም። ትጉህ አባት ዛሬ የከለከለውን ነገም ይከለክላል፤ ቁጡ አባት ግን ደስ ባለው ቀን ያለፈውን ጥፋት በደከመው ቀን ይቀጣበታል፤ ልጁም ሕጉን ሳይሆን የአባቱን ፊት ማጥናት ይጀምራል። ሐዋርያው ያዕቆብ የሰው ቁጣ የእግዚአብሔርን ጽድቅ አይሠራም ይላል። ቅዱስ ጳውሎስም ለአባቶች ለይቶ ጽፏል፦ «ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩአቸው» (ቆላ. 3፥21)። ልብ መዛል ማለት በልጅህ ላይ ያየኸው ነው፦ «ዛሬ አንጸልይ»።

በ4ኛው መቶ ዓመት በአንጾኪያ ይሰብክ የነበረው፣ ኋላም የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ለወላጆች ሲመክር፣ ልጅን ዘወትር መምታት ምቱን እንዲንቅ ያስተምረዋል ብሏል። እኔም በበኩሌ ይህን እልሃለሁ፦ በጸሎት ምክንያት ልጅህ ላይ እጅህን አታንሣ፤ ተቆጥተህ ሳለህም አትቅጣ። ከክፍሉ ውጣ፣ ውኃ ጠጣ፣ «አቤቱ ማረኝ» በል፣ ከዚያ ተመለስ። ለሕፃን የሚበቃው ተግሣጽ በርከክ ብለህ ዓይኑን እያየህ ዝቅ ባለ ድምፅ የምትነግረው፣ ከነገርከውም የማትመለስበት ቃል ነው። እኅቱን የመታበትን መጫወቻ «እስከ ነገ ድረስ አስቀምጬዋለሁ» ካልክ፣ ቢያለቅስም እስከ ነገ ይቀመጥ፤ ነገ ደግሞ ሳይለምንህ ስጠው።

ይህን ስል ልጅ የፈለገውን ያድርግ ማለቴ እንዳይመስልህ። ያ በሌሊት ሦስት ጊዜ ተቀስቅሶ ያልተቆጣ ዔሊ በገዛ ልጆቹ በአፍኒንና በፊንሐስ የተፈረደበት ስላልከለከላቸው ነው። የእግዚአብሔርን መሥዋዕት ሲያረክሱ ሰምቶ በቃል ወቀሳቸው፤ ከሥልጣናቸው ግን አላነሣቸውም። ለእንቅልፋም ሕፃን የሚገባው ትዕግሥት አውቆ ለሚያጠፋ ጎልማሳ ሲሰጥ ልቅነት ይሆናል። አንተ አሁን ያለኸው በመጀመሪያው ወራት ነው። ልጆችህ ሲያድጉ የምትጠይቃቸው ይጨምራል። ጥፋትንና ልጅነትን መለየት እንግዲህ በየዕለቱ ማስተዋልን ይጠይቃል፤ ይህንንም ማስተዋል በጸሎት ለምን።

ይቅርታ መጠየቁን በተመለከተ አታመንታ። ጌታ መባህን ይዘህ በመሠዊያው ፊት ሳለህ ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ብታስብ፣ መባህን ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ብሏል (ማቴ. 5፥23-24)። ልጅህ በአንተ ላይ ያለውን ራሱ ነግሮሃል። ዕድሜው 6 ዓመት መሆኑ ከዚህ ትእዛዝ አያወጣህም። እንደገና ወደ ዔሊ ተመለስ፦ በነጋው ሳሙኤል የሰማውን ለመንገር ፈርቶ ነበር፤ በዔሊ ቤት ላይ የተነገረ ከባድ ፍርድ ነውና። ዔሊ «ልጄ ሳሙኤል ሆይ» ብሎ ጠራው፣ ምንም ሳይሸሽግ እንዲነግረው ለመነው፣ ሰምቶም እርሱ እግዚአብሔር ነው፤ ደስ ያሰኘውን ያድርግ አለ። ሊቀ ካህናቱ ተግሣጹን ከብላቴና አፍ ተቀበለ፤ በዚያም በልጁ ፊት አልቀለለም።

የምትናገረውም አጭር ይሁን፦ «ልጄ፣ ስንጸልይ ጮኬብሃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በለኝ።» «አንተም ብትረጋጋ ኖሮ» የሚል ጭራ አትቀጥልበት። በእኅቱ ፊት ጮኸህበት እንደ ሆነ በእኅቱ ፊት ጠይቀው። ከዚያ በኋላ እንደገና ብትቆጣ እንደገና ጠይቅ፤ ነገር ግን ይቅርታው ለቁጣው ማለፊያ ፈቃድ እንዳይሆን ልማዱን ለንስሐ አባትህ ገልጠህ ተናገር። በቃል ብቻ «እቆጣለሁ» አትበል፤ በምን ሰዓት፣ ከምን በኋላ፣ በማን ላይ እንደ ሆነ ንገራቸው። ምክር የሚሰጥህ ሰው ይህን ካላወቀ ሊረዳህ ይቸግረዋል።

ሳትጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር፤ በብዙ ቤት ስለምሰማው ነው። ልጅን ዝም ለማሰኘት «እግዚአብሔር ያቃጥልሃል» አትበለው። እግዚአብሔር ከእኛ ትዕግሥት ማጣት ጋር ተባባሪ ሆኖ መቅረብ የለበትም። አፈወርቅ ስለ ገሃነም መስማትን ለ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው ልጅ ነው ያቆየው። ለትንንሾቹ ያዘዘው ታሪክ መንገርን ነው፦ በማታ በጣፋጭ አነጋገር የቃየልንና የአቤልን ታሪክ ንገረው፣ ሌላ ቀን ደግሞ ራሱ እንዲተርክልህ ጠይቀው ይላል። ልጁ ያንኑ ታሪክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲነበብ በሰማ ጊዜ ሌላው የማያውቀውን እርሱ ቀድሞ ማወቁ ደስ ያሰኘዋል፤ ይዘልላልም ይላል። ይህን የጻፈው አባቱን በጨቅላነቱ አጥቶ በእናቱ በአንቱሳ እጅ ያደገ ሰው መሆኑን ሳስብ ምክሩ ይበልጥ ይከብደኛል። ስለዚህ ከጸሎቱ ሌላ የታሪክ ሰዓት ይኑራችሁ፤ እርሱን ለመኝታ አቆየው። ልጅ ሲተኛ ታሪክ ይወዳል። ወንዱ ሲተርክልህ ኖኅንና ዮናስን ቢቀላቅል አትሳቅበት፤ ቀስ ብለህ መልሰው።

ቤተ ክርስቲያን መሄዱን አትፍራ። ሕፃናትን ወደ ጌታ ሲያመጡ የገሠጹት ደቀ መዛሙርቱ ነበሩ። ጌታ ግን ተቆጥቶ «ሕፃናትን ወደ እኔ ይመጡ ዘንድ ተዉ አትከልክሉአቸው» አለ፤ አቀፋቸው፣ እጁን ጭኖም ባረካቸው (ማር. 10፥13-16)። ከኋላ ሆነው የሰው ጀርባ ብቻ ከሚያዩ፣ የሚሆነውን ማየት የሚችሉበት ቦታ ያዝላቸው፤ ምን እየሆነ እንዳለ በጆሯቸው በሹክሹክታ ንገራቸው። መጫወቻና ስልክ አትስጣቸው። ትንሿ ካለቀሰች ወይም ከጮኸች ይዘሃት ውጣ፤ ሌላውም ሰው ጸሎት ላይ ነውና ይህ ተገቢ አክብሮት ነው። ውጭ ግን መሮጫ ቦታ አድርገህ አትልቀቃት፤ ታቅፈሃት ቁም፤ ስትረጋጋ ተመልሰህ ግባ። አንድ ሰው ዞሮ በቁጣ ቢያይህ አንገትህን ዝቅ አድርገህ እለፈው እንጂ በእርሱ የመጣብህን እልህ በልጅህ ላይ አትወጣው። ልጆቹ የሚቆርቡበት ቀን ሲሆን ደግሞ ስለ ሰዓቱና ስለ ሥርዓቱ አስቀድመህ የንስሐ አባትህን ጠይቅ፤ ከባለቤትህ ጋርም ማን ማንን እንደሚይዝ ከቤት ሳትወጡ ተስማሙ።