ራግቢ እንጀራ ይሆነኛል ወይ? ብለህ ለጠየቅኸኝ

ውድ ጠያቂዬ፣

ደብዳቤህን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ዕድሜህ 20 መሆኑን፣ በአምስት ኪሎ የኤሌክትሪካል ምህንድስና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ መሆንህን፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለህ መቶ ሜትርን በ11.3 ሰከንድ መሮጥህን፣ ካለፈው ዓመት ወዲህም ንጋት ላይ የመስቀል አደባባይን ደረጃዎች እየሮጥህ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ጃን ሜዳ ከጓደኞችህ ጋር ራግቢ እንደምትጫወት ገልጸህልኛል። በቴሌግራም የተዋወቅኸው አንድ ደላላ በውጭ አገር ክለብ የሙከራ ጊዜ እንደሚያመቻችልህ ነግሮህ 60,000 ብር በቴሌብር እንድትልክለት ጠይቆሃል። አንተም ራግቢን መተዳደሪያ ማድረግ ትችል እንደሆነና ለዚህ ሲባል ዊዝድሮዋል ሞልተህ መውጣት ይገባህ እንደሆነ ምክር ፈልገሃል።

የሁለተኛው መልስ አጭር ስለሆነ ላስቀድመው፤ ትምህርትህን አታቋርጥ፣ ለሰውየውም ምንም ገንዘብ አትላክ። የመጀመሪያው ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል።

አሥራ አምስት ለአሥራ አምስት የሚጫወቱበት ራግቢ ዩኒየን እስከ ኦገስት 1995 ድረስ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተጫዋቾች በመጫወታቸው ደመወዝ እንዳይከፈላቸው በደንብ የተከለከለበት ስፖርት ስለነበር፣ ፕሮፌሽናል ተጫዋችነት እንደ ሙያ ገና የሠላሳ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ነው። ዛሬ ደህና ደመወዝ የሚከፈለው እንደ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኒው ዚላንድና ጃፓን ባሉ ጥቂት አገሮች ሲሆን፣ እዚያም ቢሆን ውል የሚታሰረው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው፤ አብዛኛው ተጫዋችም ሠላሳዎቹን እንደጀመረ ጫማውን ይሰቅላል። ክለቦቹም ቢሆኑ ሁልጊዜ አስተማማኝ አይደሉም። ሁለት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን የነበረው የእንግሊዙ ዋስፕስና ሌላው የእንግሊዝ ከፍተኛ ሊግ ክለብ ውስተር በ2022፣ ለንደን አይሪሽ ደግሞ በ2023 በገንዘብ ችግር ከሊጉ ሲወጡ፣ ውላቸው ያላለቀ ተጫዋቾች ሳይቀሩ ሌላ ክለብ ፍለጋ ተበትነዋል።

«ቁመት ወሳኝ ከሆነ ቼስሊን ኮልቢስ?» ብለህ ጽፈሃል። እውነት ነው፤ ኮልቢ በራግቢ ሚዛን ትንሽ የሚባል ሰው ሆኖ ሳለ ከደቡብ አፍሪካ ጋር በ2019ም በ2023ም የዓለም ዋንጫን አንሥቷል። ይሁን እንጂ ኮልቢ ኳሷን የያዘው ከልጅነቱ ነው። አንተን የሚያሳስብህ ቁመትህ ወይም 74 ኪሎ መሆንህ ሳይሆን ያለፉህ ዓመታት መሆን አለባቸው፤ ይህን ለማስረዳት ታክልን፣ ማለትም ኳስ የያዘን ሰው ይዞ መጣልን ብቻ ልውሰድ። ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ሰው ስትይዝ ትከሻህ ወገቡን ወይም ጭኑን ሲመታ ጭንቅላትህ ከጎኑ ሆኖ ወደ ኋላው መቀመጥ አለበት፤ አገጭህ ከደረትህ ይነሣል፣ ዓይንህም አይከደንም። ጭንቅላትህ ተሳስቶ ከፊቱ ከገባ የሰውየው ጉልበት ወይም የዳሌ አጥንት የሚያርፈው ትከሻህ ላይ ሳይሆን ጆሮ ግንድህ ላይ ነው። በራግቢ አገሮች ያደገ ልጅ ይህን አካሉ እስኪለምደው ድረስ በአሰልጣኝ ፊት ሲደጋግም ኖሯል፤ ሃያ ዓመት ሲሞላው ማሰብም አያስፈልገው። አንተ ግን እያሰብህ ትገባለህ፤ ለማሰብ ደግሞ ጊዜ የለም።

በ2013 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ትንተና በፕሮፌሽናል ራግቢ በ1,000 የተጫዋች የጨዋታ ሰዓት 81 ያህል ጉዳቶች እንደሚደርሱ አሳይቷል። አሥራ አምስት ተጫዋች 80 ደቂቃ ሲጫወት 20 የተጫዋች ሰዓት ስለሚሆን፣ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ በአማካይ ከአንድ በላይ ጉዳተኛ ይኖረዋል ማለት ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው የአንጎል ጉዳት ነው፤ በ2003 ከእንግሊዝ ጋር የዓለም ዋንጫ ያነሣው ስቲቭ ቶምሰን በ2020 በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ የመርሳት በሽታ እንዳለበት ሲያሳውቅ ዋንጫውን ማንሣቱን እንኳ እንደማያስታውስ ተናግሯል። ስለዚህ ጃን ሜዳ ላይ ያለ አሰልጣኝ ታክል አትጫወቱ፤ በመንካት ብቻ የሚጫወተው ቅብብልና ሩጫ ለአሁኑ ይበቃችኋል።

ዘግይተው የጀመሩ የሉም ወይ ካልኸኝ አሉ፤ መግቢያቸውም በአብዛኛው ሰባት ለሰባት የሚጫወቱበትና ከ2016 ጀምሮ የኦሊምፒክ ውድድር የሆነው ሰቨንስ ነው። አሜሪካዊው ካርሊን አይልስ አጭር ርቀት ሯጭ ነበር፤ በ2012 ወደ ሰቨንስ ገብቶ በዚያው ዓመት ለብሔራዊ ቡድኑ ተሰለፈ። ነገር ግን መቶ ሜትርን የሮጠው በ10.13 ሰከንድ ነው፤ ተቀብሎ የሚያሠለጥነው ብሔራዊ ቡድንም በአገሩ ነበረው። እሱም ቢሆን የስኮትላንዱ ክለብ ግላስጎው ገብቶ የአሥራ አምስቱን ጨዋታ ሲሞክር ብዙም ሳይሰለፍ ወደ ሰቨንስ ተመልሷል። ከ11.3 እስከ 10.13 ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ለሯጭ አልነግርም።

ከእኛ የሚቀርበው የራግቢ አገር ኬንያ ነው። የኬንያ የሰቨንስ ቡድን በ2016 ሲንጋፖር ላይ ፊጂን በፍጻሜ 30 ለ 7 ረትቷል፤ ኬንያ ካፕ የሚባለው የክለቦች ሊግም እንደ ካብራስ ሹገርና ኬሲቢ ያሉ በድርጅት የሚደገፉ ጠንካራ ክለቦች አሉት። ሆኖም ብዙዎቹ የሊጉ ተጫዋቾች ከራግቢው ጎን ሌላ ሥራ ወይም ትምህርት ያላቸው ናቸው። ብሔራዊ ቡድኑን ብታስብም የስፖርቱ ዓለም አቀፍ የበላይ አካል የሆነው የወርልድ ራግቢ ደንብ በትውልድ፣ በወላጅ ወይም በአያት ከአገሩ ጋር ያልተሳሰረ ተጫዋች ቢያንስ 60 ወራት በዚያ አገር ፌዴሬሽን ብቻ ተመዝግቦ እንዲቆይ ወይም በድምሩ አሥር ዓመት እዚያ እንዲኖር ያስገድዳል፤ ዛሬ ብትሄድ እንኳ የምትደርሰው በ25 ዓመትህ ነው። በእኔ ግምት ለአንተ የሚያዋጣው በር የክለብ ሙከራ ሳይሆን ትምህርት ነው። የናይሮቢው ስትራዝሞር ዩኒቨርሲቲ ሊዮስ የተባለ፣ ኬንያታ ዩኒቨርሲቲም ብላክ ብላድ የተባለ ቡድን አላቸው። ዲግሪህን ይዘህ ለሁለተኛ ዲግሪ ከመካከላቸው በአንዱ ብትመዘገብ፣ ራግቢው ባይሳካ እንኳ የሄድህበት ጉዳይ አይከሽፍም።

እንዲያውም ስለ ትምህርትህ ያላሰብኸው አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በከፍተኛ ደረጃ ባለው ራግቢ ተጫዋቾች ሴንሰር የተገጠመለት የጥርስ መከላከያ ያደርጋሉ፤ ጭንቅላት ኃይለኛ ንቅናቄ ሲደርስበት መከላከያው ለክቶ ሜዳ ዳር ላሉት ሐኪሞች መልእክት ይልካል፣ ተጫዋቹም ወጥቶ ይመረመራል። በጀርባ የሚታሰረው የጂፒኤስ መሣሪያም የእያንዳንዱን ተጫዋች ፍጥነትና የሮጠውን ርቀት ይመዘግባል። ይህን ሁሉ የሚሠራውም የሚተነትነውም ያንተ ዓይነት ትምህርት የተማረ ሰው ነው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲሞላውም ጡረታ አይወጣም። የመመረቂያ ፕሮጀክትህን ርእስ ከዚህ ብትመርጥ አማካሪህ የሚከለክልህ አይመስለኝም። ከዚህ ጎን ለጎን ወርልድ ራግቢ በኢንተርኔት በነፃ የሚሰጣቸውን የጨዋታ ሕግ፣ የመጀመሪያ እርዳታና የአሰልጣኝነት መግቢያ ኮርሶች ክረምት ላይ ጨርሳቸው።

ወደ ደላላው ልመለስ። በፎቶ የላክህልኝን የውል ረቂቅ ተመልክቼዋለሁ። ከአናቱ የክለብ ዓርማ አለው፤ የላከው ግን ማንም ሰው በነፃ ሊከፍተው ከሚችል የጂሜይል አድራሻ ነው። የምትጫወትበት ቦታ አልተጻፈም፣ ደመወዙ «በስምምነት» ተብሎ ታልፏል፣ ብትጎዳ ማን እንደሚያሳክምህ የሚናገር አንድም አንቀጽ የለውም፤ በቁጥር የሰፈረው አንተ የምትከፍለው ብር ብቻ ነው። ተጫዋች የሚፈልግ ክለብ አስቀድሞ የጨዋታ ቪዲዮ ይጠይቃል፤ ይህ ሰው ስትጫወት አይቶህ አያውቅም። በእንግሊዝ የራግቢ ወኪሎች በፌዴሬሽኑ ይመዘገባሉ፤ በእኛም አገር ወደ ውጭ ሠራተኛ የሚልክ ኤጀንሲ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው። የትኛው ፈቃድ እንዳለው በጽሑፍ ጠይቀውና መልሱን ጠብቅ። ቀብድ ብለህ የሰጠኸው ገንዘብ ካለ ደግሞ የቴሌብሩን የክፍያ ማረጋገጫና የተለዋወጣችሁትን መልእክት ሁሉ ሳታጠፋ በአቅራቢያህ ላለ ፖሊስ ጣቢያ አመልክት፤ እንዲህ ያለ ሰው መጠርጠሩን ሲያውቅ መጀመሪያ የሚያደርገው አካውንቱን መዝጋት ስለሆነ፣ ፈቃዱን ከመጠየቅህ በፊት መልእክቶቹን ሌላ ቦታ ገልብጣቸው።